እኩሌታ

ፎርማኑ መዶሻውን አንስቶ የመጀመሪያውን ሽብልቅ ይመታል። ሽብልቁ ከድጋፉ እንጨት እግር ሥር የተወሸቀ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። እሱ ሲወጣ ድጋፉ ይላላል፤ ከላይ ያለው የአርማታ ሶሌታም በራሱ ጉልበት ይቆማል። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። በታችኞቹ ፎቆች ሁለቴ ሲመታ ድጋፉ ዘንበል ሲል አይቻለሁ። ይሄኛው ግን አራት ጊዜ ተመትቶ ንቅንቅ አላለም።

"እርጥበት ነው" ይላል ፎርማኑ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "እንጨቱ አብጦ ነው።"

ከድጋፉ ማዶ አማቹ አለ፤ የትልቋ ልጁ ባል። ድጋፉ ሲለቅ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ አቅፎ ይዞታል። ከኋላው ዘጠኝ አናጺዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከራሳችን በላይ ከሁለት ሳምንት በፊት የተሞላው አርማታ ተንጣሏል፤ ለስብሰባ አዳራሽ የታሰበ፣ መሀሉ ላይ አንድም የሚሸከም ኮለን የሌለው። ዝናቡ እስከ ትናንት ማታ አላባራም ነበር።

ዛሬ አስራ አራተኛው ቀን ነው። ቁጥሩ የእኔ ነው።

ፎርማኑ ድጋፉ በሰባት ቀን ይነቀል ይል ነበር። እንጨቱን ለላይኛው ፎቅ ይፈልገዋል፤ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ሰባት ቀን በቅቶታል። ኢንጂነሯ በፍጹም አለች፤ የአዳራሹ ስፋትና የሰሞኑ ብርድ ታይቶ ከሃያ አንድ ቀን በፊት አንድም እንጨት አይነካም። በዚህ ተኳረፉ። እሷ ኮለን ላይ በጠመኔ ቀኑን ትጽፋለች፣ እሱ ይሰርዛል፣ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ብረት ሠራተኞቹ በእሷ ወገን ቆሙ፣ አናጺዎቹ በእሱ። አንድ ቀን ጭራሽ አካፋ ተማዘዙ።

እኔ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሠራተኛው ከኋላዬ "እኩሌታ" ይለኛል። ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኛል። ክሬኑ ሁለቱን ወገኖች ሲያጣላቸው ግማሽ ቀን ለዚህ፣ ግማሽ ቀን ለዚያ አልኩ። የውሃ ቧንቧው ሲያጣላቸውም እንደዚያው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ከከፋቸው ጠቡ ይበርዳል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ፎርማኑንና ኢንጂነሯን ቢሮዬ አስገብቼ፣ ሰባትና ሃያ አንድን ደምሬ ለሁለት ከፈልኩ።

ሌላም ውል ጨመርኩበት፤ በሠራተኛ ፊት አንዱ ሌላውን አይቃረንም፣ ቅሬታ ያለው በእኔ በኩል ይናገራል። ተጨባበጡ። ሳይቱ ላይ ሳቅና ጨዋታ ተመለሰ። ዋናው መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ እኔም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ፎርማኑ ለአምስተኛ ጊዜ ይመታል። ከላይ አመድ የመሰለ ብናኝ ወርዶ የአማቹን ትከሻ ያለብሰዋል። ሽብልቁ ወጣ ይልና ይቆማል።

ኢንጂነሯ አጠገቤ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም ይህን ዝምታ ሰላም ብዬ ወስጄው ነበር።

"ልናገር ይፈቀድልኛል?" ትለኛለች፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"ምን ልትዪ ነው?"

"ድጋፉ እምቢ ያለው አብጦ አይደለም። ሶሌታውን ተሸክሞ ነው። እሳቸውም ያውቁታል።"

ፎርማኑን አየዋለሁ። በዚህ ብርድ አንገቱ በላብ ርሷል። ያውቃል። ግን የገዛ አናጺዎቹ እያዩት ነው፣ እሷም ቆማለች፣ እኔም ሁለቱን በውል አስሬያቸዋለሁ። መዶሻውን ዝቅ አድርጎ እጁ የደከመ ያስመስላል።

"አለቃ፣ እንቀጥል አይደል?" ይለኛል። ድምፁ ልመና አለበት። "ተው" የሚለው ሰው እየፈለገ ነው።

ሁለቱም እኔን ያያሉ። ምላሴ የለመደውን ይዞ ይቀድመኛል።

"ግማሹን..." እላለሁ። "ለዛሬ ግማሹን ድጋፍ ብቻ ብንነቅልስ?"

ከሶሌታው በኩል ድምፅ ይመጣል፤ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት፣ አጭር፣ አንዴ ብቻ። አማቹ ቀና ይላል። ድጋፉን ያቀፉት እጆቹ ግን አልላሉም።

ፎርማኑ ፊቱን ከእኔ ያዞራል። ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን በቀጥታ ያያታል።

"ልጄ፣ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ።"

"መዶሻውን መሬት ያስቀምጡት ጋሼ። እንዳይጥሉት። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ይውጡ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይሮጡ።"

"እሱስ?" በአገጩ ወደ አማቹ ያመለክታል።

"ቀስ ብሎ ይልቀቀው። ከዚያ ተያይዛችሁ ውጡ።"

አናጺዎቹ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል በእግር ጣታቸው ይወጣሉ። አማቹ እጁን ከእንጨቱ ላይ ጣት በጣት ያላቅቃል። ፎርማኑ ክንዱን ይዞት በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎም አያየኝ። ኢንጂነሯ ሁሉንም አስቀድማ በመጨረሻ ትወጣለች፤ ከደጅ ሆና ስትጠራኝ እሰማታለሁ። አንዴ ትጠራኛለች፣ ሁለቴ ትጠራኛለች። እኔ ግን ከሶሌታው ሥር እንደቆምኩ ነኝ።

ሽብልቁን ነው የማየው። ግማሹ ወጥቷል፤ ግማሹ ከድጋፉ ሥር ነው። ብናኙ በላዩ ላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል።