ያልጮኸው ነፍጥ

ነፍጥ ጠጋኙ ጋሽ መብራህቱ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው የነፍጡን ሰደፍ በጉልበቶቻቸው መሃል አጥብቀው፣ ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ረጅም ዘንግ በአፈሙዙ ቁልቁል ይሰዳሉ። የጎረሰ መሣሪያ በመኪና ጭኜ ከአርሲ ፒያሳ ድረስ መምጣቴን ሲሰሙ ሰድበውኝ ሰድበውኝ አልወጣላቸውም። እውነታቸውን ነው። ባሩዱን የምታቀጣጥለውን መለኮሻ ነቅዬ ነፍጡን በጨርቅ ብጠቀልለውም፣ ሆዱ ውስጥ ባሩዱም አረሩም እንዳሉ ናቸው። ከአያቴ የወረስኩት ይህ ነፍጥ በአፉ ነው የሚጎርሰው፤ አልተኩስ ካለ ደግሞ በአፉ ይጎለጎላል። በዚህ ሰፈር ይህን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

ልጄ ናዝራዊት በሩ ደፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከታች፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ፣ ወያሎች ይጣራሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ድምፃቸውን እያስመሰለች ታስቀኝ ነበር። ከትናንት ጠዋት ወዲህ ግን ትንፍሽ አላለችም። እኔም ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ትናንት የአደን ፈቃዳችን የመጨረሻ ቀን ነበር። ሦስት ሳምንት ተመላልሰን ሁለት ጊዜ ተኩሼ ሁለቱንም ስቻለሁ። ይህ ነፍጥ አንዴ ከሳተ፣ እንደገና እስኪጎርስ ድኩላው አገር ያቋርጣል። የሰፈር ሰውማ ልብስ ሰፊን ምን አደን አስኬደው እያለ ሙድ ይዞብኛል። ልተወው ነበር። እሷ ናት አንድ ቀን ብቻ ብላ ሙጭጭ ያለችብኝ።

ጎህ ሲቀድ ከአንድ ጽድ ስር አስቀምጫት፣ እንዳትነቃነቂ ብያት፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደፊት ሄድኩ። ብዙም አልቆየሁ፣ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ቡናማ ነገር አየሁ። ቀንድም ያየሁ መሰለኝ። አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ።

መለኮሻዋ ጠሽ አለች፤ ነፍጡ ግን አልጮኸም። ድኩላው ከወዲያ በስተግራ ዘሎ ጠፋ። ካነጣጠርኩበት ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ናዝራዊት ካፖርቷን እያራገፈች ብድግ አለች። ሽንቷ መጥቶባት ከጽዱ ስር ተነስታ፣ ዞራ እዚያ ገብታ ነው። ካፖርቱ ቡናማ ነው፤ ድኩላው እንዳያያት ብዬ በገዛ እጄ የሰፋሁላት። እንዴት እንደኮራሁበት እግዜር ያውቃል።

ወደ እሷ ማነጣጠሬን አላየችም። እኔ ነኝ ያየሁት። ለእናቷ ለወይንሸት ትንፍሽ አላልኩም፤ ምን ብዬ? አሁን ግን ጎንበስ ብዬ ለጋሽ መብራህቱ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ስድባቸውን ተዉ። ነፍጡ ለምን እንዳልጮኸ ካላወቅሁ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ገባቸው መሰለኝ፣ ዘንጉን ቀስ አድርገው ያዞሩት ጀመር።

አረሩ ወጣ። ቀጥሎ የጠቀጠቅሁበት ጨርቅ። ነፍጡን ገልብጠው ጋዜጣ ላይ ሲያራግፉት ባሩዱ እንደ ደረቅ ነገር አልፈሰሰም፤ እንደ ቡና አተላ ተጓጉሎ ዱብ አለ። እኔም እሳቸውም በጣታችን አሸነው። እጄ ጠቆረ። ዝናብ አግኝቷችኋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በጥር ምን ዝናብ አለ?

ናዝራዊት ተነስታ በሩ ላይ ቆማለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

አንገቷን ደፍታ፣ እየቆራረጠች ነገረችን። ባሩዱን አፍስሼ ጨርቅ ልቀድ ዘወር ባልኩ ጊዜ፣ እናቷ ለመንገድ የሰጠቻትን የእንጦጦ ማርያም ጠበል በሃይላንዱ ክዳን ለክታ በአፈሙዙ አጠጥታዋለች። ሁለቴ ሲስት አሞታል ብላ። አልፈርድባትም። እኛ ቤት ሰው ሲታመም ይረጫል፣ ስፌት መኪናዬ ክር ሲበጥስ ይረጫል፣ መኪናዬ አልነሳ ስትል ወይንሸት ኮፈኑን አስከፍታ ትረጫለች።

"እንዳይስትብህ ብዬ ነው፣ አባቢ። ድኩላውን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ።"

ከትናንት ጀምሮ ይህን ተሸክማ ኖሯል ዝም ያለችው።

ጋሽ መብራህቱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው እንደምንም ተነሱና በርጩማቸውን ወደ እሷ ገፉት። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ነይ ቁጭ በይ" አሏት። እሷ ትልቅ ሰው ቆሞ አልቀመጥም ብላ ቆመች።

እኔ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። በልቤ ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ። እንባዬ ብቻ ይወርዳል። እሷ ስለ ድኩላው መስሏት ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረገች ታጽናናኛለች። ለከርሞ እናገኛለን፣ ደግሞ ያ ድኩላ ብዙም ትልቅ አልነበረም ትለኛለች።

"ከጠበሉ ተርፏል?" አልኳት በመጨረሻ።

ከቦርሳዋ ሃይላንዱን አወጣች። ከታች ጉንጭ የማይሞላ ቀርታለች። ሁለት እጄን አገናኝቼ ዘረጋሁላት። መጀመሪያ ታጠብ፣ እጅህ ቆሻሻ ነው አለችኝ። ግድ የለም፣ አፍሺው አልኳት።

አፈሰሰችልኝ። ውሃው መዳፌ ላይ ከባሩዱ ጋር ተቀላቅሎ ጠቆረ። ጎንበስ ብዬ እስከ ጠብታው ጠጣሁት።