ሽቦ የዋጠው ዋንዛ

ዛፍ መቁረጥ ፈጽሞ ከተከለከለ ወዲህ በሰፈራችን ሬሳ የሚቀበረው በሰሌን ተጠቅልሎ ነው። አባቴ ተሰማ ሊሞት ሲል ግን፣ "ጓሮ ከተከልኩት ዋንዛ ሳጥን ይሠራልኝ" ብሎ ተናዘዘ።

እናቴ የዛፍ ጥበቃው ኃላፊ የሆኑትን ጎረቤታችንን አቶ ሽብሩን ብትለምናቸው፣ "እትዬ ዘነበች፣ ዛፉ እኮ የልጅ ልጆቻችን ነው" ብለው አለቀሱ። አባቴን በሰሌን ቀበርነው። ብዙም ሳይቆይ የእሳቸው ሠራተኞች "መናፈሻ ልንተክለው ነው" ብለው ዋንዛውን ከነሥሩ ነቅለው ወሰዱት።

ዘንድሮ የአቶ ሽብሩ እናት አረፉ። እናቴ፣ "የእኔን ለቅሶ ደርሰዋል፤ አልቀርም" ብላ ይዛኝ ሄደች። ሬሳው ሳሎን መሀል በእንጨት ሳጥን ተኝቷል። እንጨቱ ከውጭ የመጣ ነው ተባለ።

እናቴ ሳጥኑን እየዳሰሰች ስታለቅስ እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አባቴ ለልብስ ማስጫ ዋንዛው ላይ ያሰረው፣ ግንዱ ከዓመት ዓመት የዋጠው ሽቦ፣ ጫፉ ከጣውላው ብቅ ብሏል።

"ወይኔ ተሰማ! ተሰማዬ!" ብላ ጮኸች።

አጠገቧ ያለችው ሴት፣ "እትዬ፣ አሁን የራስዎን ሐዘን አያንሡ፤ ለሟቿ ያልቅሱ" አለቻት።

"ለሟቿ አልቅሻለሁ" አለች እናቴ፣ እጇን ከሽቦው ሳታነሣ። "ይሄ ለሳጥኑ ባለቤት ነው።"