ዳለቲ ስትነቃ

ዝናብ ጣለ፤ ድርቁ እስኪያልፍ በመርፌ እንዲተኙ የተደረጉት የቦረና ላሞችም ይነቁ ጀመር። ዘጠኙ የድርቅ ዓመት ለዳለቲ አንድ ሌሊት ነበር፤ ግቷ በወተት እንደተወጠረ ነቃች። ሽማግሌው ዋሪዮ የሟች ሚስቱን የዳኪን የወተት ጮጮ አጥኖ ይዞ ሥሯ ተንበረከከ። ላሟ ግን አልታለብም አለች።

«አባባ፣ ወተት የሚያወርድ መርፌ ልውጋልዎት?» አለችው የከብት ሐኪሟ።

«ተይ ልጄ። የለመደችው የዳኪን እጅ ነው።»

የዳኪን ሻሽ ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ላይ አሰረ። እሷ ስታልብ ታዜመው የነበረውንም በሻከረ ድምፁ ጀመረ። ዳለቲ ሻሹን አሸተተችና አንገቷን ወደ በሩ አዙራ እምቧ አለች።

ዋሪዮ ዜማውን አቋረጠ።

«አትጠብቂያት» አላት፤ «ላንቺ ነው እንጂ ትናንት፣ ለእኔስ ካጣኋት ሰባት ዓመት ሆነኝ።»