ዓሣ አይማሰልም

አዲሷ ሙሽራ ስታኒያ ጭልፋውን ብድግ አድርጋ ድስቱን ካማሰለች በኋላ ነው ክው ያለችው። በዳኑብ ወንዝ ዳር የዓሣ ሾርባ አይማሰልም፤ ሥጋው እንዳይፈርስ ድስቱ በማንጠልጠያው ይወዘወዛል እንጂ። እሷ የተራራ ልጅ ናት፤ እጇ የለመደውን አደረገ። ጎርፍ የወሰደው የወንዝ ዳር መንገድ ታድሶ ስለሚመረቅ ከተማው በሙሉ የሾርባ ድስቱን ጥዶ ይወዳደር ነበር፤ እሷ ያማሰለችው የአማቷ የደሳንካ ድስት ደግሞ ተሸንፎ አያውቅም። አሁን ሥጋው ብትንትን ብሎ ተንሳፈፈ።

አማቷ ጨው ይዛ ደረሰች። ድስቱንም ጭልፋውንም አየች። ወዲያው የውድድሩ ዳኛ ኡግሊዬሻ ከች አለና ወደ ድስቱ አጎነበሰ።

«ወይ ጉድ! ማነው ይሄን ያማሰለው?»

ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ደሳንካ ጭልፋውን ከምራቷ እጅ መነጨቀች።

«እኔ ነኛ! ጃጀሁ፣ ምን ይደረግ? ይቺ ልጅ ‹እማማ፣ ይተዉ› እያለችኝ፣ እምቢ ብዬ!»

ዳኛው ራሱን እየነቀነቀ ወደሚቀጥለው ድስት አለፈ። ደሳንካ ከሾርባው ጨለፍ አድርጋ ለስታኒያ አቀበለቻት። ስታኒያ ቀመሰች፤ ከሰርጓ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን ደፍራ ተናገረቻት።

«ጨው ያንሰዋል፣ እማማ።»