የተጎተተ ሠርግ

ባለቤቴ የሻው አኩርፎኛል። የሟች ሚስቱን የአምሳለችን ጥልፍ ቀሚስ ከሳጥን አውጥቼ ለብሻለሁ፤ ለሙት ቀሚስ ምን ይሠራለታል?

ኩርፊያውን ላስረሳው ብዬ፣ አስመራ አሜሪካኖች ዘንድ ሲሠራ የገዛውን ቴፕ ከፈትኩና እዚያው የተቀዳውን ሠርጋችንን አስጀመርኩ። የቢቸና መብራት ለዚህ ቴፕ አይስማማውም። ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ሞተሩ ይንቀረፈፋል፤ እዚያ በአሜሪካኖቹ መብራት የተቀዳው ሁሉ እዚህ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። እልልታው እንደ በሬ አጓራ፤ የእኔው ሳቅ የሽማግሌ ሳል ሆነ።

መሃል ላይ አንዲት ሴት ጥርት አድርጋ፣ በእኛው ፍጥነት፣ «አንቺ፣ አውልቂው!» አለች።

«ማናት እሷ? ድምፅዋ ለምን አልተጎተተም?» አልኩት።

የሻው ተነሥቶ ሶኬቱን ነቀለ። ቴፑ ቆመ።

«ቀሚሴን አውልቂ አልኩሽ!»