የስለት ጃንጥላ

ጀልባ ነጂው አንዱ በሐይቁ ዳር፣ ሌላው በመሀሉ የሚሄድ ሁለት ጉዞ እንዳለ ለእናትና ልጁ ሲነግራቸው ልጅቱ ቶሎ ብላ ዳር ዳሩን የሚሄደውን መረጠች። እሷ የምትዋኘው ውኃው ከደረቷ እስካላለፈ ድረስ ብቻ ነበር።

«እኔ ከሩቁ ደሴት፣ ከጊዮርጊስ ገዳም፣ ስለት አለብኝ» አሉ እናቷ። ከደብረ ታቦር ጀምረው ያቀፉትን ባለዘርፍ ጃንጥላ ጣና ዳር ደርሰውም አላወረዱትም።

«በሰው እንላከው፣ እማዬ። መሀሉን አልደፍረውም።»

እናትየው የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከነጂው ተቀብለው ለልጃቸው አለበሷት። ጎንበስ ብለውም ማሰሪያውን አጠበቁላት።

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«ልጅ ሆነሽ ርብ ወንዝ የወሰደሽ ቀን ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጊዮርጊስን፣ ‹ከነነፍሷ ካወጣህልኝ ጃንጥላውን ራሷ ይዛልህ ትመጣለች› አልሁት።»

ከዚያ ጃንጥላውን አስታቀፏት።