የሥር ልዋጭ

አሮጊቷ በከዘራቸው እጇን መታ ሲያደርጓት፣ አበበች ሥሩን አፏ ጋ አድርሳው ነበር። ጭቃውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ካሮት ነው ብላ ልትገምጠው ስትል ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ቺኩታ!» ይጮኻሉ አሮጊቷ። «ቺኩታ!»

ጓደኛዋ ሃርነት እየሮጠች ትደርሳለች። ሁለቱም የሚኖሩት ከመስኩ ባሻገር፣ ስደተኞች የሰፈሩበት ሰላም ፓላስ የሚባል ሕንፃ ውስጥ ነው። አበበች ሮም ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ሃርነት ግን ሦስት ዓመት ሽማግሌዎች ስታስታምም ጣሊያንኛውን አቀላጥፋዋለች።

«መርዝ ነው» ትላለች ፊቷ ገርጥቶ። «ብትውጪው አትተርፊም ነበር ይላሉ።»

የአሮጊቷ ቁጣ ቶሎ ይበርዳል። ሲኞራ ኢዳ እባላለሁ ይላሉ። ጎንበስ ብለው አገዳው ላይ ያለውን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ያሳዩዋታል። ቅጠሉን አሽተው አፍንጫዋ ሥር ይይዙላታል፤ አይጥ አይጥ ይሸታል። ከዚያ እውነተኛውን የዱር ካሮት ፈልገው ያገኙና ጸጉራም አገዳውን በአውራ ጣቷ ያስዳብሷታል። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዳቦ ሲጠፋ፣ እናታቸው ይህን መስክ ቅጠል በቅጠል አስተምረዋቸዋል።

«አሎራ፣ እንግዲህ» ይሉና ከሽርጣቸው ቺኮሪያ የሚሉትን የሚበላ የዱር ተክል ሥር ዘግነው ይዘረጉላታል። «ቀቅለሽ፣ ዘይት ጠብ አድርገሽበት ብዪ።»

አበበች እጇን ትሰበስባለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሰልፋ ሰው የሰጣትን ስትበላ ነው የከረመችው። ዛሬ ወደ መስኩ የወጣችው በገዛ እጇ ያገኘችውን ልትቀምስ ነበር።

«እንዲሁ አልቀበልም በያቸው። ልዋጭ ከሆነ እሺ።»

«በምን ልትለውጪ? ምን አለሽና?»

የአበበች ዓይን መስኩን በሚያቋርጥ ቦይ ዳር ያለ የደረቀ ሣር ላይ ቀርቷል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቆቦ ውስጥ ከብቱም እህሉም ሲያልቅ እናቷ ይህን የመሰለ እንግጫ እየቆፈሩ አብልተዋታል። ትንበረከክና በጣቷ ጭቃውን ትምሳለች። ከሥሩ ጫፍ ሽምብራ የሚያካክሉ ጥቋቁር ፍሬዎች ይወጣሉ። አንዱን ልጣ ታሸታለች። ውስጡ ነጭ ነው።

«እንዳትነኪው!» ትላለች ሃርነት። «አሁን አይደል እንዴ ከሞት የተረፍሽው?»

«ያኛውን አላውቀውም ነበር። ይኼን አውቀዋለሁ።»

ትቀምሰዋለች። ቀስ ብላ ታኝካለች። ከዚያ ሌላ ልጣ በሁለት እጇ ለሲኞራ ኢዳ ታቀርባለች።

አሮጊቷ ፍሬውን፣ ከዚያም እሷን ያያሉ። «ሰባ ዓመት እዚህ መስክ ላይ ለቅሜያለሁ» ይላሉ። «ይኼን ቦይ ግን ዘልዬው ነው የማልፈው።» በቀሩት የፊት ጥርሶቻቸው ይነክሱታል። መንጋጋቸው ለአፍታ ቀጥ ይላል።

«ኖቾላ ኖቾላ ይላል» ይላሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

ሃርነት ትስቃለች። «የለውዝ ዓይነት ነው፤ ጣሊያኖች ነፍሳቸው ነው።»

ሲኞራ ኢዳ በሽርጣቸው የያዙትን ቺኮሪያ በሙሉ በአበበች ነጠላ ላይ ይገለብጡታል። ይህን ጊዜ አበበች እጇን አትሰበስብም።

«ስሙ ማን ነው?» ይላሉ አሮጊቷ።

«እንግጫ።»

«ኢንጊቻ።»

«ጫ! ጠበቅ ያድርጉት።»

«ኢንጊቻ» ይላሉ እንደገና። እየደጋገሙ፣ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ፣ ጣቶቻቸውን ከአበበች ጣቶች አጠገብ አፈሩ ውስጥ ይሰዳሉ።